አባቴ አባቴ መሆኑን ለማስረዳት

ጠበቃ ለመያዝ አቅም ስላልነበረኝ ድሬዳዋ ፍርድ ቤት ብቻዬን ቆሜ ተከራክሬያለሁ። የተከራከርኩት የሞተው አባቴ አባቴ መሆኑን ለማስረዳት ነበር።

አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ትዳርና ልጆች እያሉት፣ ጀልዴሳ ከተማ ከእናቴ እኔን ወለደ። እሱም እናቴም ካረፉ በኋላ የከዚራዎቹ ወንድሞቼ «አቦ፣ ይቺን አናውቃትም» አሉ። ሚስቱ እትዬ ጥሩነሽም መጥተው ማሉና «በሕይወቴ አይቻት አላውቅም» ብለው መሰከሩ።

ዳኛዋ ወደ እኔ ዞር ብለው «መስቀለኛ ጥያቄ አለሽ?» አሉኝ።

ተነሣሁ። «እትዬ፣ ልጅ ሳለሁ አባቴ ቤትዎ ሲያመጣኝ ምሳ አብልተውኛል።»

«ይሄ ጥያቄ አይደለም። ጠይቂያቸው።»

«ጸጉሬንም ሠርተውልኛል።»

«ጠይቂ እንጂ!»

የወንድሞቼ ጠበቃ ፈገግ አለ። የምናገረው ሞልቶኝ ሳለ ጥያቄ እንዴት እንደሚጠየቅ ጠፋኝ። በመጨረሻ «እትዬ፣ እግዜርን አይፈሩም?» ብዬ ጮህኩ። ከጠዋት ጀምሮ በትክክል የጠየቅኩት እሱን ብቻ ነበር፤ ዳኛዋ ግን ተቆጥተው አስቀመጡኝ። ሌላ ምስክር ስላልነበረኝ ክሴ ኋላ ውድቅ ሆነ።

የዚያን ቀን ከችሎት ስንወጣ እትዬ ጥሩነሽ በረንዳው ላይ ደረሱብኝ። ልጆቻቸው ቀድመው ወደ መኪናው ሄደዋል። እትዬ ግራ ቀኝ አዩና ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ስትቆጪ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ቁርጥ አባትሽን ነው የምትመስይው።»