በአንድ ዓይን የተሳልኩበት ክረምት

ባለፈው ሐሙስ አንድ ትሁት ወጣት በራፌን አንኳኳ። የተጣጠፈ ጃንጥላውን ደጅ አቁሞ፣ ጫማውን ምንጣፌ ላይ ደጋግሞ ጠርጎ ገባና የመጣበትን ነገረኝ። መምህር አስቻለው ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው፤ የመታሰቢያ መጽሔት እያዘጋጁለት ነው፤ ከቀድሞ ተማሪዎቹ ትዝታ እየሰበሰቡ ነው።

«ከሁለት ገጽ ባይበልጥ፣ እትዬ፤ ደግሞ ጥሩ ጥሩው ቢሆን» አለኝ።

ሻይ አጠጥቼ ሸኘሁት። ስለ መምህር አስቻለው ያለኝ ትዝታ አንድ ብቻ ነው። ጥሩ አይደለም፤ በሁለት ገጽም አያልቅም። ሰው በመሞቱ ብቻ የሠራው ሥራ እንደማይለወጥ ግን አውቃለሁና ጻፍኩት።

ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። ከቡሬ በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል በሚያስኬድ ቀበሌ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል አስተምር ነበር። እኔ ራሴ ፊደል የቆጠርኩት በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው፤ ከሰባት ዓመት ሕፃናት ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ጉልበቴን አጥፌ። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንድ ነገር አይለቀውም፤ ያነበበው ሁሉ እውነት ይመስለዋል፣ የታዘዘውንም አንድ ሳያጎድል ይፈጽማል። ይህ ጠባይ ነው ኋላ ጉድ የሠራኝ።

የተመደብኩት ደግሞ በልጅነቴ ተድሬ ከኖርኩበት፣ ኋላ ጥዬው ከወጣሁት ከዚያው ቀበሌ ነበር። ስደርስ ትምህርት ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሴት ተማሪዎች ሁለት ናቸው። በሦስት ዓመት አሥራ አንድ አደረስኳቸው። ከእነዚያ ከሁለቱ በቀር እያንዳንዷ ከአባቷ ደጅ ቆሜ፣ ውሻ እየጮኸብኝ፣ ለምኜ ያመጣኋት ናት። የአባቶቹ ጥያቄ ሁሌም አንድ ነበር፤ «ተማርኩ ብላ ጥላን ትሄድ ይሆን?»

«አትጥላችሁም፤ እኔን እዩ፤ ይኸው ተመልሼ መጣሁ አይደል?» እል ነበር።

መጀመሪያ ያመነኝ የቀድሞ ባሌ አባት፣ አያ ቢራራ ነው። ሁለት የልጅ ልጆቹን ሰጠኝ። እሱ ሰጠ ሲባል ሌሎቹም ሰጡ።

በዚያ ክረምት መምህር አስቻለው ከጣሊያን አገር ተምሮ ተመልሶ ፍኖተ ሰላም ገበያው አጠገብ በተከራየው አዳራሽ ለመምህራን ኮርስ ይሰጣል ተባለ። ተመዘገብኩ። ሃያ አራት ነበርን፤ ከመካከላችን ሴቶች እኔና አንዲት የአዴት ልጅ ብቻ። የማንጎው ወራት እያለቀ ነበር፤ መንገዱ ዳር የወደቀው ማንጎ በዝናቡ ተበስብሶ የከተማው አየር ጎምዘዝ ያለ ጣፋጭ ሽታ ነበረው። መምህር አስቻለው በዚያ ጭቃ ከረባት አስሮ፣ ጫማውን አስጠርጎ ነበር የሚመጣ። «እናንተ አገር» ይለን ነበር። እሱ የደምበጫ ልጅ ነው።

የሚያስተምረን ከአራት መቶ፣ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የነበሩ ጣሊያኖች ስለ ራሳቸው እንዴት እንደጻፉ ነበር። አንዱ አንጥረኛ ነው፤ እጁ ሥራ ላይ ሳለ አፉ ያወራል፣ ሌላ ሰው ይጽፍለታል፤ የገደለውን ሰው ሳይቀር እንደ ጀብዱ ይቆጥራል። ሌላው ሐኪም ነው፤ የሆድ ሕመሙን፣ ቁማሩን፣ የሚያፍርበትን ሁሉ ሳይደብቅ ዘርዝሯል። አንዱ ደግሞ የገዛ ሕይወቱን እንደ ባዕድ ሰው «እሱ» እያለ ጽፎታል። እኛ የምናውቀው የሰው ሕይወት ጽሑፍ ገድል ነው፤ ገድልን ደግሞ ባለቤቱ አይጽፈውም፣ ካረፈ በኋላ ሌሎች ይጽፉለታል እንጂ። አፌን ከፍቼ ነበር የምሰማው። መምህሩን ባልወደውም ትምህርቱን ወደድኩት፤ ይህን ዛሬም አልክድም።

አንድ ቀን «እሱ» እያለ የጻፈው ሰውዬ ራሱን በነሐስ የቀረጸበትን መልክ በፎቶ አሳየን። ፊቱ ወደ ጎን ነው፤ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው።

ደነገጥኩ። እኛ ዘንድ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቃን በሁለት ዓይናቸው ፊት ለፊት ያዩሻል። በጎን የሚሳሉት፣ አንድ ዓይን ብቻ የሚቀርላቸው ዲያብሎስና ጭፍሮቹ፣ ገዳዮቹና ከሃዲዎቹ ናቸው። ይህን ማንም አያስተምረንም፤ ከእናታችን ጀርባ ላይ ሆነን ያየነው ነው። ታዲያ ይህ ጣሊያን ራሱን፣ በገዛ እጁ፣ ከኃጥአን ወገን ቀረጸ! ምን ዓይነት ድፍረት ነው፣ ምን ዓይነት ንስሐ ነው እያልኩ ሳስብ ዋልኩ። ዝምተኛ ነኝና አልጠየቅሁም።

ዓርብ ዕለት መምህር አስቻለው የቤት ሥራ ሰጠን፤ «እንደ እነዚህ ሰዎች ራሳችሁን ጻፉ። ምንም አትደብቁ። ከእኔ በቀር የሚያየው የለም።»

እሑድ ከቅዳሴ መልስ በተከራየኋት ክፍል ተቀመጥኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ የአከራዬ ልጆች ጓዳ ውስጥ በቆሎ ይጠብሳሉ። ሌሎቹ ተማሪዎች፣ ኋላ እንደሰማሁት፣ የት እንደተወለዱና ስንት ወንድም እንዳላቸው ነበር የጻፉት። እኔ ግን ራሴን በአንድ ዓይን ለመሳል ቆረጥኩ። ያለኝን በጎ ነገር ሁሉ ተውኩና ያንኑ አንዱን ክፉ ሥራዬን ጻፍኩ።

የባሌ እናት ታማ መደብ ላይ ተኝታ ነበር። ሰዎቹ አረም ላይ ናቸው፤ እኔ አስታማሚ ተደርጌ ቀርቻለሁ። ቡሬ ያለችው አክስቴ «ከመጣሽ ትምህርት ቤት አስገባሻለሁ» ብላ ከላከችብኝ ሳምንት ሆኗል። ነጠላዬን ለብሼ በሩ ላይ ስደርስ «ውሃ» አለች። ሰማኋት። እንስራው ከእኔ ሦስት እርምጃ ቢርቅ ነው። ተመልሼ ከቀዳሁላት እንደማልሄድ አውቄ ወጣሁ። በሦስተኛው ቀን ሞተች። አገሩ የሚያውቀው አባቴ መጥቶ እንደወሰደኝ ነው። ሰምቻት መውጣቴን ግን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም ነበር። ይህን በአራት ገጽ ጻፍኩና ሰኞ ጠዋት ሰጠሁት።

ማክሰኞ መምህር አስቻለው አንድ ወረቀት ይዞ ቆመ። «እስካሁን ድንጋይ ሳስተምር የከረምኩ መስሎኝ ነበር፤ አንድ ሰው ተገኘ» አለና ማንበብ ጀመረ። ድምፁ ያማረ ነበር። ሁለተኛው መስመር ላይ የራሴ ነገር መሆኑ ገባኝ። ከፊቴ ሁለት ወንበር አልፎ ደሳለኝ ተቀምጧል፤ ከእኔ ቀጥሎ ባለው ቀበሌ የሚያስተምር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በዚያው መንገድ ወደ አገሩ የሚመለስ። አንገቱን ሲደፋ አየሁት።

አንብቦ ጨረሰ። «ይህች ጸሐፊ ለራሷ አንዲት ምክንያት እንኳ አልሰጠችም። ይህን ጭካኔ ከየት አመጣችው?» አለ ወደ እኔ እያየ።

እንዲያ መልስ መስጠቴ ዛሬም ያንገበግበኛል። «ከሰውዬው አንድ ዓይን» አልኩ።

«ከምን?»

«ራሱን በጎን የቀረጸው… ኃጢአቱን ሊናገር መስሎኝ።»

ትንሽ አሰበና ሳቀ። እስኪያለቅስ ሳቀ። «ሰማችሁ? ኃጥእ ስለሆነ በጎን ተቀረጸ! እቴ፣ ያኔ ሁሉም እንዲህ ነው የሚቀረጽ። ጠገራ ብር ላይ ያለችው ሴትዮስ? እሷም ንስሐ እየገባች ነው?»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ያልሳቁት ደሳለኝና የአዴቷ ልጅ ብቻ ነበሩ።

ሲበተኑ ጠብቄ ጠረጴዛው አጠገብ ሄድኩ። «ወረቀቴን ይመልሱልኝ» አልኩት።

«ወረቀትሽ? ይታተማል እንጂ ምን ይመለሳል!»

«ከእኔ በቀር የሚያየው የለም ብለው ነበር።»

«ስም ጠራሁ?»

«ሁለት ሴቶች ነን።»

«ሁለት መሆናችሁም የእኔ ጥፋት ነው እንግዲህ?»

«ስለ እሱ የሚያስተምሩን አንጥረኛ እንኳ መጽሐፉ የታተመው ከሞተ ብዙ ዘመን ቆይቶ ነው ብለውናል። እኔ አልሞትኩም።»

ፊቱ ተለወጠ። «አልሞትሽም፤ ገና አልተወለድሽም ነበር እንጂ። ዛሬ እኔ ነኝ የወለድኩሽ። አመስግኚና ሂጂ» ብሎ ወረቀቱን ቦርሳው ውስጥ ከትቶ ቆለፈው።

ስለ አሥራ አንዱ ልጆች ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። ተውኩት። ያን ብነግረው እሱንም ያነበው ነበር።

ደሳለኝ ቅዳሜ አገሩ ይገባል፤ ቅዳሜ ደግሞ ገበያ ነው፤ አባቶቹ ሁሉ ቡሬ ናቸው። ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብዬ ረቡዕ ማልጄ በሚኒባስ ወጣሁ። ቡሬ ወርጄ በእግሬ ጀመርኩ። ጭቃው ጫማዬን ሁለት ጊዜ አስቀረው፤ ሦስተኛ ላይ አውልቄ በእጄ ያዝኩት። የበቆሎው ማሳ ከራሴ በላይ ነበር፤ ነፋስ ሲመጣ ሰው የሚንሾካሾክ ይመስላል። ወንዙ ሞልቶ ስለነበር እስኪጎድል ከአንዲት ጥድ ሥር ተጠልዬ ቆየሁ። የምናገረውን ስለካ፣ ቃል ሳወጣና ቃል ስመልስ።

አያ ቢራራ ጎጆው ደጃፍ ላይ ጠፍር ያለፋል። ቀና ብሎ አየኝና ፈገግ አለ።

«ምነው በክረምት? ትምህርቱ ተፈታ?»

«አልተፈታም፤ እርስዎን ፈልጌ ነው።»

ትኩስ ድንች ከነቅርፊቱ ቀረበልኝ። ሳልነካው ነገርኩት። «ውሃ ብለው ሲጠሩኝ ሰምቼ ነው የወጣሁ» አልኩ።

እጁ ጠፍሩ ላይ ቆመ። «ሰምተሽ?»

«ሰምቼ።»

ጠፍሩን ጉልበቱ ላይ አኖረው። ከዚያ በዝግታ፣ ሳይቆጣ፣ «እሷም ይህንኑ አለች» አለኝ። «ሰምታኝ ነው የሄደች አለች፤ እስክትሞት ይህን ነው ያለች። እኔ ነኝ ሕመሙ ነው የሚያናግርሽ ያልኳት። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ከልጄ ጋር፣ ከዘመዱ ጋር ስሟገትልሽ ኖርኩ። የሞተችዋን ሚስቴን ዋሾ አድርጌ።»

ነጠላዬን ሰበሰብኩ።

«በይ፣ ሳይመሽ ተነሺ» አለ። «ልጆቹን ግን በመስከረም አትጠብቂያቸው።»

መስከረም ላይ ከአሥራ አንዱ ሰባቱ መጡ። የአያ ቢራራ ሁለት የልጅ ልጆች ቀሩ፤ የጎረቤቱ ሁለት ልጆችም ቀሩ። እሱ ለማንም ምክንያቱን አልተናገረም። እሱ ሲልክ ጎረቤቱም ላከ፣ እሱ ሲያስቀር ጎረቤቱም አስቀረ፤ ነገሩ ይኸው ነው።

በጥቅምት ደሳለኝን መንገድ ላይ አገኘሁት። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ «እህቴ፣ ያን ቀን የተነበበውን ለማንም አልተነፈስኩም፤ እንዳትሰጊ» አለኝ። አመሰገንኩት። ከፊቱ ዞር እስክል ድረስ ቀጥ ብዬ ሄድኩ።

እንግዲህ በደንብ እንለየው። አንደበቴን ከፍቼ አራቱን ልጆች ያስቀረሁት እኔ ነኝ። የባሌን እናት ውሃ የነፈግሁም እኔ ነኝ። እነዚህን ለማንም አላካፍልም። ቃሉን አፍርሶ ወረቀቴን ያነበበው፣ ሲመልሱለት የሳቀው፣ ሲለምኑት እምቢ ያለው ግን መምህር አስቻለው ነው። እሱም የራሱን ይውሰድ።

በጽሑፌ ለዓመታት አስተምሮበታል። አንዴ ቅጂው እጄ ገባ። «ውሃ» የምትለዋን ቃል «ልጄ ሆይ፣ ጥሜን አርኪልኝ» ብሎ አሳምሯታል። ሴትዮዋ እንዲያ አላለችም። ውሃ ነው ያለች።

ሰው ስለ ራሱ መጻፍ እንደሚችል ያሳወቀኝ እሱ መሆኑን ለመጽሔቱ አዘጋጆች አልሸሽግም። ጥሩ የምለው ይህ ብቻ ነው፤ ከፈለጉ እሱን ብቻ ቆርጠው ያውጡት። ነገር ግን ስለ ራስ ብቻ የሚባል ጽሑፍ አላየሁም። ጣሊያኖቹም አልጻፉም፤ አንጥረኛው የገደለው ሰው እናት ነበረችው። መምህር አስቻለው በዚያ ሁሉ ክረምት ስለዚያች እናት አንድ ቀን አላነሳም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ስለዚህ ወረቀቱን ከመስጠቴ በፊት ቅዳሜ ቡሬ ወረድኩ። ከአራቱ አንዷ፣ የአያ ቢራራ ታናሿ የልጅ ልጅ፣ ገበያው ውስጥ በርበሬ ትሸጣለች። ዛሬ እሷም ልጆች ድራለች። ስታየኝ ተነስታ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች፤ ከለከልኳት።

«ልጽፍሽ ነው» አልኳት።

«እኔን? ምን ብለው፣ መምህሬ?»

«ከትምህርት የቀረሽበትን።»

«ለምን እንደቀረሁማ እኔም አላውቀው» ብላ ሳቀች። «ቤት ዋይ አሉኝ፣ ዋልኩ።»

ከከረጢቶቹ መካከል ተቀምጬ ነገርኳት። በርበሬው ጉሮሮዬን እየከረከረኝ፣ ሰው በላያችን እየተሻገረ፣ ሁሉን ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። አንድ ሸማች መጥቶ ሲጠራት በእጇ ጠብቅ አለችው።

«አያቴስ አንድ ቀን አልነገሩኝም» አለች በመጨረሻ። ለሸማቹ በርበሬውን መዝና ሰጠችና «ይጻፉት። ስሜን ግን አይጻፉ። በሒሳብ ጎበዝ ነበረች ብለው ይጻፉ» አለችኝ።

ስሟን አልጻፍኩም። በሒሳብ ጎበዝ ነበረች፤ ከአሥራ አንዱ የሚስተካከላት አልነበረም።