ለደሴ የሚሆነው ዘይት

ያን ቀን ሳስታውስ ቀድሞ የሚመጣልኝ እፎይታው ነው፤ ፍርሃቱ ከኋላ ይከተላል።

ልጄ አሰብ በአንድ የመንግሥት ጋራዥ መካኒክ ሆኖ ከተቀጠረ ገና ሦስተኛ ወሩ ነበር። ሙያውን የለመደው ደሴ ነው። እኔም አባቱ ከሞተ ወዲያ ብቻዬን ምን አደርጋለሁ ብዬ ተከትዬው ወረድኩ። ከወደቡ አጠገብ አንዲት የጣውላ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር።

ለምሳ መጣና እጁን ታጥቦ እንጀራውን ሳይቆርስ ተቀመጠ።

«ምነው፣ አመመህ?»

«እማ፣ ጠዋት የሸኘሁት የጭነት መኪና፣ ዲፈረንሻሉ ውስጥ፣ የኋላው ማርሽ ላይ፣ ዘጠና ቁጥር ዘይት ሞላሁበት።»

«ታዲያ ዘይት አይደለም እንዴ?»

«ቀጭን ነው። እዚህ የሚሞላው ወፍራሙ ነው፣ መቶ አርባው። ደሴ ሁልጊዜ ዘጠና እሞላ ስለነበር እጄ ዝም ብሎ ወደሱ ሄደ።»

እንዳልገባኝ ሲያይ የቅቤውን ጣሳ አንስቶ አዘነበለው። ቅቤው እንደ ውሃ ወዲያና ወዲህ አለ።

«ይሄን ደሴ በማንኪያ አልነበር የምትፍቂው? ዘይቱም እንደዚሁ ነው። ሙሉ ጭነት ይዞ በረሃው ላይ ሲግል ይቀጥንና ከማርሾቹ ጥርስ ላይ ይሸሻል። ከዚያ ብረት ከብረት ይፋጫል።»

ቅቤውን ሳይ ገባኝ። ያን ጊዜ የመንግሥት መኪና ከተሰበረ ተሳስቶ ነው የሚል የለም፤ አሻጥር ነው የሚባለው። በተቃጠለ ሞተር ሰበብ አንድ የሰፈራችን ሰው ተወስዶ፣ ሚስቱ ስንቅ ስታመላልስ አይቻለሁ።

«ማን አየህ?»

«ማንም።»

«እንግዲያው ዝም በል። ቢሰበርም ጭነት በዝቶበት ነው ይባላል።»

«ሾፌሩስ? በረሃ መሃል ቢቆም?»

ስለ ሾፌሩ አላሰብኩም ነበር። በመሠረተ ትምህርት በለመድኳት ፊደል ይሄን ስጽፍ አሁንም አፍራለሁ።

ተነሳ። እጅጌውን ያዝኩት።

«ልቀቂኝ እማ፣ መኪናው ሚሌ ከተማን ሳያልፍ ለአለቃዬ ልናገር» ብሎ ሄደ።

ነጠላዬን ደርቤ ተከተልኩት። ዘበኛው አላስገባም ስላለኝ የጋራዡን አጥር ተደግፌ በዚያ ፀሐይ ቆምኩ። አለቃቸው ውስጥ ስልክ ላይ ሲጮህ ይሰማኛል፤ ቃሉ ግን አይለይም። ወታደር እየጠራበት ነው ብዬ ደመደምኩ።

ቆይቶ አለቃው ራሱ ወጣ፤ ሽበታም ሰው ነው።

«እናቱ እርስዎ ነዎት?»

«አዎ ጌታዬ። ሳያውቅ ነው፣ ሌላ ነገር አስቦ አይደለም…»

«ሚሌ ያሉት ሰዎቻችን መኪናውን ያስቆሙታል። ዘጠናውን አፍስሰው መቶ አርባ ይሞሉለታል። እስከዚያ ማርሹ ትንሽ ቢያንጎራጉር ነው።» ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ። «እኔም ከአስመራ እንደመጣሁ ይሄንኑ ሠርቻለሁ። የኔ መኪና ግን መንገድ ላይ ቀረ፤ ፈርቼ ዝም ስላልኩ።»

«አይታሰርም ታዲያ?»

«እሱ ከታሰረ ማን ሊሠራልኝ ነው? ይግቡ ከፀሐዩ፣ ዘበኛ፣ ለእናታችን ወንበር ስጥ።»

አመሻሹ ላይ ሚሌዎች ደወሉ። መኪናው በሰላም ደርሷል፣ ዘይቱም ተቀይሯል። ሾፌሩም በዚያው ስልክ «ያ ደሴዬ ካፖርቱን ያውልቅ በሉት፣ እዚህ ብርድ የለም» ብሎ ልኮበታል።

ልጄ ይህን እየሳቀ ሲያወራልኝ እኔ መሳቅ አቃተኝ። ሰውነቴ ሁሉ ተፈታታ። ወሬውን ሳይጨርስ ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጥኩ እንቅልፍ ወሰደኝ።