የጓሮ በር መናኸሪያ

አውቶቡስ ማሰማራት ቤተሰብ ከማሰማራት ይቀላል። ይህን የምትለው ፊሽካ ናት፤ ሁለቱንም ስለምታውቅ ማንም አይከራከራትም። ፊሽካ ያወጡላት ስም ነው። በከተማ አውቶቡስ መናኸሪያ የስምሪት ክፍል ኃላፊ ናት፤ የሚያንቀላፋ ሾፌር ካየች ከአንገቷ የማይለየውን ፊሽካ ነፍታ ግቢውን ቀውጢ ስለምታደርገው ሾፌሮቹ በዚያው ጠሯት። መጀመሪያ ተናደደች። ኋላ ባሏም ጎረቤቱም ሲላት ለመደችው፤ ዛሬ በዋና ስሟ ቢጠሯት ዞር ማለቷን እንጃ።

እሷ በምታዝበት ግቢ ገቢና ወጪ አይጋጭም። ገቢው አውቶቡስ በአንድ በኩል ገብቶ ሰው ያወርዳል፣ ይታጠባል፣ ሌላ ሰው ጭኖ በሌላ በኩል ይወጣል። ቆመው ወሬ የሚሰልቁ ሾፌሮች እንኳ የት ቆመው እንደሚሰልቁ የምትወስነው እሷ ናት። ይህችው ሴት ግን ከሥራ ወጥታ ቤቷ ስትገባ ኩሽናዋ የምትደርሰው በጫማ ክምር ላይ እየተረማመደች ነበር።

በዚያ ቤት ጭቃ የማያመጣ ሰው የለም። ባሏ ችግኝ ጣቢያ ነው የሚሠራው፤ ማታ ሲመጣ ግማሹን መሬት በቦቲው ይዞት ይመጣል። ትልቋ ልጃቸው ኳስ ተጫዋች ናት። መንትዮቹ ወንዶች ልጆች የሚያደርጉት ነገር ስም የለውም፤ ብቻ ጭቃ ካለበት አይጠፉም። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ ደግሞ፣ አምና ከመንገድ አንድ እርጥብ ውሻ ይዘው መጡና "ተከትሎን ነው" አሉ። ውሻው ዛሬም ድረስ እየተከተላቸው ነው። ይህ ሁሉ ፍጥረት በጓሮ በር ይገባና ጫማውን፣ ቦርሳውን፣ ኳሱንና የረጠበ ካልሲውን እደረሰበት ጥሎ ወደ ምግብ ይሮጣል።

እማማ የወደቁት እዚያ ላይ ነው። እማማ የባሏ እናት ናቸው፤ አብረዋቸው ነው የሚኖሩት። ከጓሮ የተሰጣ ልብስ ሊያስገቡ ሲወጡ አንድ ጫማ አደናቀፋቸውና እጃቸው ተሰበረ። በግርግሩ መሃል የማን ጫማ ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ፊሽካ ግን አይታዋለች። የራሷ ጫማ ነበር።

የባሏ ታላቅ እህት ወሬውን በሰማች ዕለት መጣች። ይህች ሴት ክፉ አይደለችም፤ እናቷን ትወዳለች፤ ቤቷም ወለሉ እንደ መስተዋት ፊት የሚያሳይ ሰፊ ቤት ነው። የእናቷን በጄሶ የታሸገ እጅ አየች፣ የጫማውን ክምር አየች፣ ከዚያ ፍርዷን ሰጠች፦

"ክረምቱ እስኪገባ ይሄ ቤት ሰው የሚራመድበት ካልሆነ እማዬን እወስዳታለሁ። ሁለተኛ ብትወድቅ አትነሳም።"

ባልየው አንገቱን ደፋ። እማማም አልሄድም አላሉም፤ እሳቸው ሸክም ሆንኩ ከሚሉ ሌላ እጃቸው ቢሰበር የሚመርጡ ኩሩ ሴት ናቸው። ፊሽካ ግን በዚያ በሚያብረቀርቅ ቤት ቀኑን ሙሉ ሰው እንደሌለ ታውቃለች። አማትና ምራት እሳትና ጭድ ናቸው ይባላል፤ የሚባለው ሁሉ በሁሉም ቤት አይሠራም። እሷ ጎህ ሳይቀድ አውቶቡስ ስታሰማራ ልጆቿን ያሳደጉላት እማማ ናቸው። የወለደቻትን እናቷን ገና በልጅነቷ ነው ያጣችው። ያለ እናት ያደገ ሰው ደግሞ ያገኛትን እናት እንዲህ በቀላሉ አይለቅም።

"አትወስዳቸውም!" አለች ለባሏ። "እናትህን ማንም አይወስዳቸውም። ቤቱን እሠራዋለሁ።"

ሠራችውም፤ ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በማግስቱ አናጢ ጠራች። አናጢው ጋሽ ነገ ይባላል፤ መቼ ትጨርሳለህ ሲሉት ሌላ መልስ ስለማያውቅ ነው። ፊሽካ ከሳሎኑ መግቢያ፣ ከፊት በር ሥር፣ መዝጊያ ያለው፣ መስተዋት የተገጠመለት፣ ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ ክፍል ያለው የጫማ ቁም ሣጥን አሠራች። ቁም ሣጥኑ ሲያልቅ ሰርግ ቤት የሚቆም ይመስል ነበር። የባሏ እህት በፊት በር ስትገባ እሱን አይታ አፏን እንድትይዝ ነበር ሐሳቧ።

ቁም ሣጥኑ ግን ጫማ ሳያይ ሰነበተ። ፊሽካ ጮኸች፣ ተቆጣች፣ ፊሽካዋን ሳይቀር ነፋች። ቤተሰቡ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። የጓሮው ክምር ከቀን ወደ ቀን አደገ፤ እማማም እንደገና እንዳይወድቁ ፈርተው ከኩሽናው መስኮት አጠገብ ካለው ወንበራቸው መነሳት ተዉ። ከወደቁ ወዲህ ጓሮውን ያዩት በመስኮት ብቻ ነው።

አንድ ጠዋት መናኸሪያው ውስጥ ዝናብ ጣለ። አስተዳደሩ ያሠራው አዲስ መጠለያ ባዶውን ቆሟል፤ ተሳፋሪው ሁሉ እየረጠበ አሮጌው ጥግ ላይ ተኮልኩሏል፤ አውቶቡሱ ለዚያ ይቀርባላ። ፊሽካ እንደ ልማዷ ወደ ቢሮው ጮኸች፦ "ፌርማታ ሕዝቡ በቆመበት ነው እንጂ እናንተ ባማራችሁ ቦታ አይተከልም ስላችሁ!"

ይህን ብላ አፏን ሳትዘጋ ክው አለች። ቀጥሎ በሳቅ ፈነዳች፤ ሾፌሮቹ ምን ነካት ብለው እስኪተያዩ ድረስ። ያ ቤተሰብ እዚያ ቤት ከገባ ጀምሮ በፊት በር የገባ ልጅ የለም! የፊት በር የእንግዳ ነው። ፊሽካ ቁም ሣጥኑን የሠራችው ለእንግዳ ዓይን እንጂ ለቤቷ ሰው እግር አልነበረም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ያን ቀን ማታ እማማ እግር ሥር ቁጭ አለች።

"እማማ፣ እርስዎ እዚህ መስኮት አጠገብ ሲውሉ የማያዩት የለም። እስቲ ይንገሩኝ፤ እነዚህ ሰዎች ሲገቡ ምን ምን ነው የሚያደርጉት?"

"ገና አሁን ጠየቅሽኝ?" አሉ እማማ፤ ፊታቸው ግን በራ። "ትልቋ በሩን ይዛ በአንድ እግሯ ቆማ ነው የምታወልቀው፤ መቀመጫ ብታገኝ ትቀመጥ ነበር። መንትዮቹ ማሰሪያ መፍታት የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም፤ ጫማው በአየር ላይ ነው የሚሄደው። ባልሽ ባልዲ ገልብጦ ይቀመጥና ቦቲውን ሲጎትት ያቃስታል። ውሻው ሰው ሁሉ ካለፈ በኋላ ገብቶ ሊጥ እንደነካ ሰው ግድግዳው ላይ ይጠረጋል።"

"እኔስ?"

"አንቺማ እጅሽ ሙሉ ነው የሚመጣው። ቦርሳሽን የምታሳርፊበት ስታጪ ጫማሽን በእግርሽ አሽቀንጥረሽ ታልፊያለሽ። ያን ለት የጣለኝ የአንቺ ጫማ መሆኑን እኮ አውቃለሁ።"

ፊሽካ ደነገጠች። "ታዲያ ምነው አልነገሩኝ?"

"ብነግርሽ ጫማው ከመንገድ ይነሳ ነበር? ማስቀመጫ የለውማ፣ ልጄ።"

ፊሽካ አለቀሰች። ካለቀሰች በኋላ ግን ተነስታ ጠመኔ ፈለገች።

ከጓሮ በሩና ከኩሽናው መሃል አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። ባሏ "አንድ ቀን ይሠራል" የሚለው ነገር ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ነው፤ የሞተ ቴሌቪዥን፣ ጎማ የሌለው ብስክሌት፣ እጀታ ብቻ የቀረው አካፋ። በማግስቱ ክፍሏን ልቀቅ ስትለው ወይ ፍንክች!

"ይሄ እኮ ዕቃ ነው! ነገ ስትፈልጊው..."

"እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለችው። "እዚህ ቤት እንዲቀርልህ የምትፈልገው ይሄ የሞተ ቴሌቪዥን ነው እናትህ?"

ባልየው ገብቶ ቴሌቪዥኑን እንደ አስከሬን በሁለት እጁ ታቅፎ አወጣው። ከዚያ ብስክሌቱን አወጣ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ክፍሏ ባዶ ነበረች።

አሁን ፊሽካ በሙያዋ ገባች። ወለሉ ላይ በጠመኔ አግዳሚ ወንበሩ፣ የልብስ ማጠቢያው ማሽንና ቧንቧው የሚቆሙበትን ሣለች፤ ቤተሰቡን ግቢ አሰልፋም በአንድ ጊዜ ግቡ አለች። እማማ ወንበራቸው ላይ ሆነው ይታዘባሉ። በመጀመሪያው ልምምድ መንትዮቹ ተጋጩ። በሁለተኛው በሩ ወደ ውስጥ ሲከፈት የተቀመጠውን ሰው ጉልበት እንደሚመታ እማማ ደረሱበትና በሩ ወደ ውጪ እንዲከፈት ተወሰነ። ውሻው ሁሉንም ልምምድ አለፈ።

"ይሄ ክፍል ነው ጉምሩክ?" አለ ጋሽ ነገ ጠመኔውን እያየ።

"መናኸሪያ ነው። ደግሞ ነገ እንዳትለኝ፤ ዛሬ ጀምር።"

ጋሽ ነገም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በዕለቱ ጀመረ።

ሥራው አልቋል፤ እንግባና እንየው። ከበሩ እንደገባህ በቀኝ በኩል በወገብ ልክ የሆነች መደርደሪያ አለች፤ የፊሽካ ቦርሳ የምታርፍባት ናት። ከሷ ቀጥሎ ቤተሰቡን ሁሉ የሚያስቀምጥ ረጅም አግዳሚ፣ ከአግዳሚው ሥር ጭቃውና ውሃው ወደ ታች እንዲንጠባጠብ በሽንቁር እንጨት የተሠራ የጫማ መደርደሪያ። መዝጊያ የለውም፤ መንትዮቹን መዝጊያ ክፈቱ ብሎ መጠየቅ ከንቱ ድካም ነው። ወለሉ ወደ ማፍሰሻው ዘንበል ብሏል። ከቁርጭምጭሚት ከፍ ብሎ ቧንቧ ከነጎማው አለ፤ ለቦቲና ለውሻ። ማንጠልጠያዎቹ በየሰው ቁመት ተመትተዋል። ወደ ኩሽናው በኩል የልብስ ማጠቢያው ማሽንና አፉ ሰፊ ቅርጫት፣ በላያቸው ማስጫ። ጭቃው በአንድ በኩል ይገባል፣ ንጹሑ ሰው በሌላ በኩል ይወጣል። በግራ ግድግዳ ደግሞ ከበር እስከ በር የእንጨት መደገፊያ ተዘርግቷል፤ ከሥሩ ወለሉ ላይ ቢጫ መስመር። ያ መንገድ የእማማ ነው። ከመስመሩ ወዲያ ካልሲው የተገኘበት ሰው ለሳምንት ሰሃን ያጥባል። የመጀመሪያው ተቀጪ ባልየው ነበር።

ክረምቱ ገባ። አንድ ቅዳሜ ዝናቡ ሲወርድ ሲወርድ ውሎ፣ የባሏ እህት በፊት በር ገባች።

"የእማዬን ልብስ አዘጋጁልኝ" አለች ገና ሳትቀመጥ። "ያልኩት ቀን ደርሷል።"

"እትዬ፣ ትንሽ ቆዪ" አለች ፊሽካ። "ሰዎቹ ሊገቡ ነው። ገብተው ሲያበቁ የፈለግሽውን ትወስኛለሽ።"

ሴትዮዋ ኩሽናው በር ላይ እጇን አጣምራ ቆመች። የጓሮው በር ተከፈተ።

መንትዮቹ ገቡ፤ ከፀጉራቸው በቀር ሁሉ ነገራቸው ጨቅይቷል እንዳይባል ፀጉራቸውም ጨቅይቷል። ጫማው እንደ ልማዱ በአየር ላይ ሄደና ከአግዳሚው ሥር አረፈ። ትልቋ ገባች፣ ተቀመጠች፣ ፈታች፣ ማልያዋን ቅርጫቱ ውስጥ ወረወረች። ባልየው አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ቦቲውን ጎተተ፣ አቃሰተ፣ በቧንቧው አጠበው። ውሻው ተይዞ ታጠበ፣ ክብሩ ቢነካም። ከመንትዮቹ አንዱ በእርጥብ ካልሲው ወደ ኩሽናው ሊያልፍ ሲል እማማ ከወንበራቸው "ወዴት ወዴት! ካልሲህን!" አሉት፤ ተመለሰ። ማንም ከማንም ሳይጋጭ ቤተሰቡ ሁሉ ደርቆ ኩሽናው ውስጥ ቆመ። ቢጫው መስመር ላይ አንዲት ጠብታ ጭቃ የለችም። ፊሽካ ልቧ ቅቤ ጠጣ፤ መናኸሪያ ውስጥ ይህን ያህል ዓመት ስትሠራ እንዲህ ያለ ስምሪት አይታ አታውቅም።

የባሏ እህት ያጣመረችውን እጇን ፈታች። "ጥሩ ነው" አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ። "እውነቴን ነው፣ ጥሩ ነው። ግን እማዬ ራሷ ካልተራመደችበት ምን ዋጋ አለው? ከወንበሯ ስትነሳ አላየኋትም።"

ይህ እውነት ነበር። ፊሽካ ክፍሉን መሥራት ትችላለች፤ የእማማን ፍርሃት ግን በጠመኔ ሥላ አታወጣውም።

እማማ ልጃቸውን አዩዋት። ከዚያ የወንበሩን እጀታ ተደግፈው ተነሱ። መደገፊያውን በዳነው እጃቸው ያዙ፣ በመስመራቸው ሄዱ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ማን እንደገዛላቸው ማንም ያላስታወሰውን፣ ገና አፈር ያልነካውን ቦቲያቸውን አጠለቁ።

"ማን ማንን ነው የሚወስደው?" አሉ። "ነይ ይልቅ፣ ዝናቡ አባርቷል፤ እስከ መኪናሽ ልሸኝሽ።"

ባልየው ሊደግፋቸው ሲነሳ ፊሽካ ክንዱን ጨብጣ አስቀረችው። ከአውቶቡሱ ሁሉ ከባዱን ስምሪት ያኔ ነው ያሰማራችው። እማማ በጓሮ በር ወጡ፤ ልጃቸው ጃንጥላ ይዛ፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም፣ በአጠገባቸው ሄደች። ቤተሰቡ መስኮቱ ላይ ተደራርቦ አያቸው። ግቢውን አቋረጡ፣ መኪናው ዘንድ ደረሱ፣ ልጃቸውን ግራ ቀኝ ሳሙ፣ መኪናው እስኪሰወር እጃቸውን አወዛወዙ። ከዚያ ዞር ብለው ብቻቸውን መጡ፤ እየቆሙ፣ አበባቸውን እያዩ፣ ምንም ሳይቸኩሉ።

ፊሽካ በሩን ይዛ ትጠብቃቸው ነበር። እማማ ገብተው አግዳሚው ላይ አረፍ አሉና ቀና ብለው አዩዋት።

"ምን ያስለቅስሻል? በሩን ዝጊው እንጂ፣ ብርድ ገባ።"

ፊሽካ በሩን ዘጋችና አጠገባቸው ተቀመጠች።