ሰሌን ላይ አንተኛም

እልፍነሽ የቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት ሞግዚት የሆነችው ልጅ ስለምትወድ አይደለም፤ በስብሰባ ላይ ድምፅዋ ከሁሉ ስለሚበልጥ ነው። ቦርዴ ጠምቃ ስትሸጥ የኖረች ሴት፣ «ሕፃናቱን ማን ይያዝ?» ሲባል «እኔ!» ብላ አዳራሹን አናጋችው። የኮሚቴ አባላቱም ሰፊው ሕዝብ አይሳሳትም የሚለውን ጽሑፍ በቅርቡ አንብበው ስለነበር፣ አልተሳሳትንም ብለው አጨበጨቡ።

ቤቱ የተወረሰ ባለቆርቆሮ ነው። አጥሩ የጂንካን አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ይነካል። ከኋላው ባለችው ጠባብ ክፍል እልፍነሽ ትኖራለች። ያለዚያች ክፍል ማደሪያዋ የእህቷ ባል ቤት ነው፤ እሱ ደግሞ እያንዳንዷን ጉርሻዋን በዓይኑ እየሸኘ ነው የሚያበላት።

ይህንኑ ቤት የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ወንድሙም ይመኘዋል። የውይይት ክበብ ይሁን ይላል፤ ውይይቱ ዳማ መሆኑን የማያውቅ የለም። የሕፃናት አያያዝ የሚያጠና ባለሙያ ከአዲስ አበባ ይመጣል ሲባል ደስታው ወሰን አጣ። አጥኚው ቤቱ አይረባም ካለ ክበቡ ይከፈታል፣ እልፍነሽም ወደ እህቷ ባል ትመለሳለች።

የሥራው ፈተና ከምሳ በኋላ ነው። የእኛ አገር ልጅ ሰሌን ላይ አይተኛም። እናት ወደ እርሻ ስትወርድ ልጁ ታላቅ እህቱ ጀርባ ላይ ይወጣል፤ ለሱ እንቅልፍ ማለት ጀርባ ነው። ስለዚህ እልፍነሽ በየተራ ታዝላቸዋለች። እግዜር ለዚሁ የቆረጠው የሚመስል ሰፊ ጀርባ አላት። ጓድ ወንድሙ ግን አንድ በራሪ ጽሑፍ አነበበና፣ ማዘል የፊውዳል ቅሪት ነው፣ የሶሻሊስት ሕፃን በጋራ ተጋድሞ ይተኛል ብሎ የምታዝልበትን ነጠላ ወሰደባት። ከመሬትና ከትርፍ ቤት ቀጥሎ የተወረሰው ሀብት ይኸው ነጠላ ነው። ለአርአያነትም የሦስት ዓመት ልጁን ፅጌረዳን ከሕፃናቱ ጋር ቀላቀለ።

አጥኚው አቶ ዓባይነህ ሕፃናቱ ሲተኙ ለማየት ፈልጎ በመኝታቸው ሰዓት መጣ፤ ያውም በአውሮፕላን። እልፍነሽ በዛቻም በልመናም ያጋደመቻቸው ልጆች የሞተሩን ድምፅ ሲሰሙ በአጥሩ ሾልከው ሜዳውን ሞሉት። የሜዳው ዘበኛ ከብት ያባርራል፣ እሷ ልጅ ታባርራለች። አቶ ዓባይነህ ከደረጃው ሲወርድ፣ ተኝተው ሊያያቸው የመጣላቸው ሕፃናት የአውሮፕላኑን ጎማ በጥፊ እየመቱ ነበር።

ተለቃቅመው ሲገቡ ሁሉም ያለቅሳል። አጥኚው ጥግ ይዞ ይጽፋል። አጥኚውን አጅቦ የገባው ሊቀመንበር ፊቱ በራ፤ እልፍነሽ የእህቷ ባል ዓይን ታያት። ጓድ ወንድሙ ድሉን ሊያጠናቅቅ ብድግ አለና ቤቱ ለሕፃናት እንደማይመች ሪፖርት ማቅረብ ጀመረ። መሐል ላይ ፅጌረዳ መጥታ ሱሪውን ያዘች።

«አባዬ፣ እዘለኝ።»

ሊቀመንበሩ ስለ ንቃት ደረጃ ቀጠለ።

«እንደ ቤት እዘለኝ። እሹሩሩም በልልኝ።»

ሳቁ የተነሣው የልጆቹን ለቅሶ ሰምተው መጥተው በመስኮት ከሚያዩት እናቶች ነው። ለካ ጓዱ ማታ ማታ በሩን ዘግቶ የፊውዳል ቅሪት ያዝላል! ልጅቷ ታማ እንደነበረች ሊያስረዳ ሞከረ።

እልፍነሽ ከአንዷ እናት ትከሻ ነጠላ መንጭቃ ከኋላው ቆመች። «ለታመመች ልጅማ አብዮቱም ይራራል። ጎንበስ ይበሉ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

ጎንበስ አለ። ምን ያድርግ? ልጁ ናት። እልፍነሽ ጥብቅ አድርጋ አሰረችለት። ፅጌረዳም ገና ሁለቴ ሳይወዘወዝ እንቅልፍ ወሰዳት። እናቶቹም ገብተው የየራሳቸውን አዘሉ፤ ቤቱ ጸጥ አለ።

አቶ ዓባይነህ ብዕሩን አንሥቶ፣ ታዲያ ቤቱ ለሕፃናት ይመቻል ወይስ አይመችም ብሎ ጠየቀ።

ሊቀመንበሩ እየተወዛወዘ መለሰ፤ «ይመቻል። ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ እንጂ፣ አሁን ገና መተኛቷ ነው።»

አጥኚው ምን ብሎ እንደጻፈ እስከ ዛሬ የሰማ የለም። የክበቡን ነገር ግን ጓድ ወንድሙ ዳግመኛ አላነሣም። እልፍነሽ ክፍሏ ጸናላት፤ ከዚያ ወዲያም ከምሳ በኋላ በአጥሩ ሥር የሚያልፍ የኮሚቴ አባል ካየች፣ አንድ አልቃሻ በጀርባው ሳትጭን አትለቅም። ዛሬ አባላቱ ወደ ስብሰባ የሚሄዱት በገበያው በኩል ዞረው ነው።