ሳንቲሙ ላይ የቆመው ማን ነው?

ሥራ በጀመርኩበት ዕለት ጌታዬ አባባ ሰይድ አንድ የተሰበረ የበር ማጠፊያና አንድ ሞረድ ሰጡኝና «ሞርደው» አሉኝ። ከጠዋት እስከ ምሳ ሞረድኩ። እጄ መላጥ ሲጀምር «አባባ፣ ይሄ ምን ሊሆን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀል አድርገው ብረቱን አዩትና «ያነሰ ብረት» አሉኝ። ከሰዓትም ቀጠልኩ።

መካነ ሰላም ውስጥ ማኅተምና ሜዳሊያ መቅረጽ የጀመርኩት እንዲህ ነው። ተለማማጅ ሆኜ ሞረድኩ፤ ረዳት ሆኜ ብረት የሚነክሰውን ሞርሳ አጠበቅሁ፤ ባለሙያ ስባል መሮ ጨበጥኩ። አባባ ሰይድ ሲያርፉ ከመናኸሪያው በታች ያለችውን ሱቅ እኔ ያዝኳት። አሁን ሥራ ያቆምኩት እጄ ደህና ሆኖ ሳለ ዓይኔ ስለከዳኝ ነው።

የእኛ ሥራ ሁሉም ነገር በግልባጭ ነው። ማተሚያው ብረት ላይ በቀኝ የቀረጽከው በግራ ይወጣል፤ የቆፈርከው ጉብታ ይሆናል። ባለቤቴ ከድጃ በተናደድኩ ቁጥር «ዛሬም ስትቀርጽ ውለህ ነው፤ ሁሉን ገልብጠህ ነው የምታየው» ትለኝ ነበር። ብዙ ጊዜ እውነቷን ነበር።

ደንበኞቼ እድሮች፣ ቀበሌዎችና ትምህርት ቤቶች ነበሩ። አንድ የአቀስታ እድር ማኅተሙ ላይ ድንኳን፣ ድስት፣ ሁለት የተጨባበጡ እጆችና የሊቀመንበሩን ፊት አስገባልን ብሎኛል። «ጌቶቼ፣ ይሄ ማኅተም ነው ወይስ መጋዘን?» ብያቸው ተኮራረፍን። በመጨረሻ ድስቱ ቀረ፤ ሊቀመንበሩ አልቀረም።

ከሁሉም ያስቸገረኝ ግን የስካውቶቹ ሥራ ነው።

የከተማችን ስካውት ቡድን የምሥረታ በዓሉን ሊያከብር ኮሚቴ አቋቁሞ ነበር። ሰብሳቢው ጋሽ ተሾመ ናቸው፤ የቀድሞ ርዕሰ መምህር፣ በልጅነታቸው ስካውት የነበሩ፣ እስከ ዛሬ በሰልፍ ቀን ያንን የአንገት ሻሽ አስረው የሚወጡ ሰው። ለመታሰቢያው የሚሆነውን ነሐስ የሚገዙት ሐጂ ሙሄ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ሦስተኛዋ መምህርት ጥሩወርቅ ነች፤ ስፖርት ታስተምራለች፣ የስካውቶቹም መሪ ነች። ሦስቱ ተያይዘው ሱቄ መጡ።

«መታሰቢያ ሳንቲም ነው የምንፈልገው» አሉ ጋሽ ተሾመ።

«ጋሽ ተሾመ፣ ሳንቲም መሥራት እኮ ያሳስራል» አልኳቸው።

«አብሽር ይማም፣ ምንም አይገዛም» አሉኝ ሐጂ ሙሄ። «እኔ ራሴ ሱቄ ይዘውት ቢመጡ አልቀበልም።»

በአንድ በኩል ሰላምታ የሚሰጥ ስካውት፣ በሌላው በኩል ዛፍ እንዲሆን ተስማማን። ሰው ስቀርጽ ፊቴ የሚቆምልኝ ሰው እፈልጋለሁ፤ ከሐሳቤ የምቀርጸው ሁሉ አባባ ሰይድን ይመስልብኛል። ይህን ስነግራቸው ጋሽ ተሾመ የእህታቸውን ልጅ ብሩክን ሊልኩልኝ ቃል ገቡ። ብሩክ ሰልፍ ላይ የሚያምር ልጅ ነው። ችግሩ ሰልፍ ይንቀሳቀሳል፤ የምቀርጸው ሰው ደግሞ መንቀሳቀስ የለበትም።

ብሩክ የመጣው ዘሀራ ከምትባል ስካውት ጋር ነበር። መምህርቷ «እንዳይጠፋ ተከተይው» ብላ ነው የላከቻት። ባርኔጣውን አስተካክዬ፣ ሦስት ጣቱን ወደ ግንባሩ አስነስቼ፣ ምስሉን መጀመሪያ የምሠራበትን ሰም አለስልሼ ቀና ስል ልጁ ሰውነቱን እያከከ ነው። እንደገና ቀና ስል ስልኩን ያያል። ቀጥሎ ቀና ስል ባዶ ቦታ ነው ያየሁት፤ ከማዶ ከረንቦላ ቤት ገብቷል።

መዶሻዬን ወርውሬ ልሄድ ስል ዘሀራ «አባባ፣ እኔ ልቁም?» አለችኝ። ባርኔጣዋን አድርጋ ቆመች። የወንድም የሴትም ዩኒፎርማቸው አንድ ነው፤ ሱሪ፣ ሸሚዝ፣ የአንገት ሻሽ። ልጅቷ ቆማ አትነቃነቅም፤ ዝንብ አፍንጫዋ ላይ አርፎ እንኳ እሷ ሳትሆን እኔ ነኝ እፍ ያልኩት።

እየሠራሁ አወራን። እናቷ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። «እማዬ ስካውት የወንድ ነገር ነው፣ ተይው ትለኛለች» አለችኝ። «ትምህርት ሲዘጋ ወረኢሉ አክስቴ ዘንድ ልትሰደኝ ነው። ከዚያ በኋላ የለሁበትም።»

«በዩኒፎርም የተነሳሽውን ፎቶ አትልኪላትም?»

«ልኬያለሁ። ልብስ ተውሰሽ ነው አለችኝ። ማኅተም ያለበት ነገር አሳዪኝ አለች።»

ሴትየዋን ሳላውቃት ወደድኳት። በእኛ አገር ማኅተም የሌለበት ነገር እውነት አይባልም፤ እኔም ዕድሜ ልኬን የበላሁት ይህንኑ ነው። ዘሀራ ቀጠለች፦ «ሳንቲሙ ላይ ሴት ስካውት ካየች ግን ወላሂ ታምናለች።» ከዚያ ግን «ብሩክ መውጣቱን ለማንም እንዳይነግሩ» ብላ ለመነችኝ። «መምህርት ካወቀች ከበዓሉ ሰልፍ ታስወጣዋለች።» እሺ አልኳት፤ ለልጅ የገቡት ቃልም ቃል ነው።

የሰሙ ምስል ሲያልቅ ኮሚቴው ሊያይ መጣ። ጋሽ ተሾመ ወደ መስኮቱ ወሰዱት፣ ራቅ ቀረብ አደረጉት፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ወንድ ማለት ይሄ ነው! አቋሙን እዩት! ብሩክዬ፣ የእህቴ ልጅ!»

አፌን ስከፍት መምህርት ጥሩወርቅ ቀደመችኝ። «ቆንጆ ነው» አለች። «ሴቷስ?»

ከዚህ በኋላ ስብሰባ ሆነ። ስብሰባ ከተጀመረ ደግሞ ባለሙያን ማንም አይጠይቀውም።

«ጥሩወርቅ፣ ስካውት ስካውት ነው» አሉ ጋሽ ተሾመ። «አንዱ ሁሉንም ይወክላል።»

«እንግዲያውስ አንዷ ሴት ትሁን።»

«እንዲህማ ከሆነ የሴቶች ብቻ ይመስላል!»

«አሁንስ የማን ይመስላል?»

ጋሽ ተሾመ ሻያቸውን ጠጡ። ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ተከራከሩ። መጨረሻ ላይ ከልጁ አጠገብ ሴት ትጨመር ተባለ፤ ያኔ ደግሞ ሴት መሆኗ በምን ይታወቅ የሚል ሌላ ጭቅጭቅ ተነሳ። የሳንቲሙ ሰው ቁመቱ ከአውራ ጣቴ ጥፍር አይበልጥም፤ በዚያ ልክ የማንም ፊት ያው ፊት ነው። ሹሩባ እንዳልሠራላት ባርኔጣው ይሸፍነዋል። ጋሽ ተሾመ «ቀሚስ አልብሳት» ሲሉ መምህርቷ «የትኛዋ ልጅ ናት ቀሚስ ለብሳ ተራራ የምትወጣው?» አለች። «እሺ እንስራ ትያዝ» ሲሉ ጥሩወርቅ ብድግ ብላ ወጣች። ሐጂ ሙሄ ተከትለው ሄደው መለሷት። እሳቸውም በበኩላቸው «ባለ አበባ ሻሽ ይደረግላት፤ ጨርቁ እኔ ጋ አለ፣ ሦስት ዓይነት» አሉ። አበባውን በምን ዓይነት መሮ እንደምቀርጸው የጠየቀኝ የለም።

«ቢያንስ አጠር ትበል» አሉ ጋሽ ተሾመ።

«ከቡድናችን ረጅሟ እኮ ሴት ናት» አለች ጥሩወርቅ።

እኔ ለዘሀራ የገባሁት ቃል ይዞኝ መሮዬን እየሳልኩ ዝም አልኩ። ዝም ማለቱ እንዴት እንዳቃጠለኝ ከድጃ ታውቃለች፤ ማታ ማታ የምጮኸው እሷ ላይ ነበር።

በዓሉ ተቃረበ። ጋሽ ተሾመ አንድ ቀን ከሰዓት ሱቄ ውስጥ ቆመው ደመደሙ፦ «ጊዜ አልቋል። ወንዱ ብቻውን ይታተም። ሴቶቹን በንግግሬ አነሳቸዋለሁ።» ሐጂ ሙሄ በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። ጥሩወርቅ ከንፈሯን ነክሳ ወደ በሩ ዞረች።

በሩ ላይ ዘሀራ ቆማለች። ለመምህርቷ ፊሽካዋን ልታመጣ መጥታ ሁሉን ሰምታለች። ተስፋዋ ሲያልቅ ፊቷ ላይ አየሁት። ቃሌን ላፈርስ ስል እሷ ራሷ ገባች። ባርኔጣዋን አስተካከለች፣ መሐል ወለሉ ላይ ቆመች፣ ሦስት ጣቷን ወደ ግንባሯ አነሳች። 

መጀመሪያ የገባቸው ሐጂ ሙሄ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሁሉ ሰው በዓይናቸው ሲለኩ የኖሩ ነጋዴ ናቸው። ሰሙን አነሱ፣ ልጅቷን አዩ፣ ሰሙን አዩ።

«ያ ረቢ! ትከሻው የሷ ነው» አሉ። «ሱሪውም የሷ ነው። ልክክ!»

ጋሽ ተሾመ ሰሙን ነጠቋቸው። ዘሀራን ዞሯት። እንደገና ዞሯት። ከዚያ ወደ እኔ ሲመጡ ጢማቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ይማም! ታዲያ ወንዱ የት አለ?»

ጥሩወርቅ ወንበሩን ይዛ ሳቀች። ሐጂ ሙሄ ሻያቸው ትን አላቸው። ጋሽ ተሾመ ግን አልሳቁም፤ «ወንዶቹ ሊረሱ ነው! ይሄ አድልዎ ነው! ወላጆች ምን ይሉናል?» እያሉ ሱቄን ወዲያ ወዲህ ለኩት።

«አንዱ ሁሉንም ይወክላል ብለው አልነበር?» አለች ጥሩወርቅ በትሕትና።

ጋሽ ተሾመ ቆሙ። ብዙ አሰቡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ የገዛ ንግግራቸው ሲመለስባቸው የሚሰሙ ሰው ናቸው። «ብያለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ግን ብሩክን የላክሁት እኔ ነኝ። የት ሄዶ ነው?»

ዘሀራ ጣሪያ ጣሪያውን አየች። «እግሩን ሊያፍታታ ወጣ ብሎ ነበር» አልኳቸው። ከረንቦላ ቤት እግር የማይፍታታበት ቦታ ነው አይባልም።

ዘሀራ በቦታዋ እንድትቀር፣ በዛፉ ፈንታ ብሩክ እንዲገባ ተወሰነ። ለዛፉ የተከራከረለት የለም። ብሩክ ሲቆም ጥሩወርቅ ፊሽካዋን አፏ ላይ አድርጋ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች፤ ያኔ ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም። ሁለቱን ማተሚያ ብረቶች ቀርጬ ጨረስኩ፤ ነሐሱን እያሞቅሁ በመሃላቸው አስገብቼ ከጭነት መኪና በተወሰደ ክሪክ ጨመቅኋቸው። ሁለቱም ባርኔጣ አላቸው፣ ሁለቱም ሱሪ ለብሰዋል፣ ሁለቱም ሦስት ጣት አንስተዋል።

በበዓሉ ቀን ጋሽ ተሾመ ሳንቲሙን በሕዝቡ ፊት ከፍ አድርገው «ይህ የእህቴ ልጅ ብሩክ ነው!» አሉ። ያሳዩት የዘሀራን ፊት ነበር። ጥሩወርቅ ከጎናቸው ቆማ ልታርማቸው ስትል እጄን አወዛወዝኩላት፤ ሌላ ስብሰባ አልፈለግሁም።

በማግስቱ ዘሀራ ስልኳን ይዛ ሱቄ መጣች። የሳንቲሙን ሁለቱንም ፊት ፎቶ አንስታ፣ ማን ማን እንደሆነ ሳትነግራት ለእናቷ ልካላት ነበር።  እናትየዋ በቪዲዮ ስትደውል ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ፣ ሞርሳው ላይ አስደገፍነው። ሴትየዋ ሻሿን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ፊቷን ወደ ስልኩ አስጠጋች፤ ፎቶዎቹን ስታይ ቆየች። እኔም እንደ ተማሪ ውጤት ጠበቅሁ።

«ይቺኛዋ የኔዋ ናት» አለች።

ዘሀራ አፏን በእጇ ያዘች።

«ምነው ግን ከሳች?» ቀጠለች እናትየዋ። «ያ ጓደኛዋ ጠግቧል። አንቱ አባባ፣ እርስዎ ነዎት የሠሯት? ይህን ያህል መክሳቷ እውነት ነው?»

«የቆመችውን ነው የቀረጽኩት፣ ልጄ» አልኳት።

 አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማሁ። ከዚያ ድምፅዋን አጠነከረች።

«ወረኢሉ አትሄድም። ከስካውቶቿ ጋ ትሁን። ግን መጀመሪያ ትብላ!»

ዘሀራ ስልኩን አቅፋ ወጣች። እኔም የመሮ ሳጥኔን ዘጋሁ፤ ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራሁም።

ሙያውን ለያዛችሁ የምነግራችሁ ይህን ብቻ ነው። የሰው ምስል ስትቀርጹ ማን እንደቆመላችሁ ለደንበኛው በመጀመሪያው ቀን ንገሩት። ስብሰባ ይቀንሳል።