በመጨረሻው ስንኝ የገባው ስም

በሰው አገር፣ ዊልስደን በሚባል ሰፈር፣ በሥራዬ የምንከባከባቸው ሽማግሌ ሂንዱ ነበሩ፤ ለአምላካቸው መዝሙር ይደርሳሉ። እግራቸውን ሳጥብ እንኳ ጣታቸው አያርፍም። አጭሩን ድምፅ አንድ፣ ረጅሙን ሁለት እያሉ ምቱን ጉልበታቸው ላይ ይቆጥራሉ። ስንኙ ቤት አልመታ ሲላቸው ቁርሱን ይገፉታል። እኔ በሆዴ "በስመ አብ" እላለሁ። ዜማው ደስ ስለሚለኝ ይበልጥ እፈራው ነበር።

"ይሄኛው የፍቅር ነው?" አልኳቸው አንድ ጠዋት።

"የሎሌ ነው። ደጅ የሚጠና ሎሌ" አሉኝ። ቀጥለውም "ልጄ፣ ባጅሽ ላይ ያለው የሥራ ስምሽ ነው። በጸሎት የምትጠሪበትስ?" ሲሉ ሳሙናው ከእጄ አመለጠኝ።

በእኛ አገር የክርስትና ስም የሚጠይቅ ወይ ቄስ ነው ወይ ድግምተኛ። እሳቸው ቄስ አይደሉም። እኔም በምኖርበት ሆሎዌይ ከበላዬ ፎቅ ያለችውን ያገሬን ሴት የክርስትና ስም ሰጠኋቸው። በልብስ ማጠቢያዋ ጩኸት ተጣልተን፣ ጣሪያዬን በመጥረጊያ እንጨት የምደበድብባት ናት። ድግምት ከሆነ በእሷ ይሁን ብዬ ነው። ክፉ ነኝ፣ አውቃለሁ።

ስሙ ረዘመባቸው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ለእሱ ሲሉ ስንኙን አፈረሱ፣ ሠሩ። ከማላውቃቸው ቃላት መሃል ያን ስም በሰማሁ ቁጥር በጎሪጥ እያየኋቸው "እንኳንም የኔን አልሰጠሁ" እል ነበር።

ሲያርፉ ልጃቸው መዝሙሩን የጻፉበትን ወረቀት አምጥታ ተረጎመችልኝ።

"በእኛ ደንብ ደራሲው መጨረሻው ስንኝ ላይ የራሱን ስም ያስገባል፤ ለራሱ ምሕረት የሚለምነው እዚያ ጋ ነው። አባቴ ግን የራሱን ትቶ ያንቺን አስገባ። 'እግሬን ያጠበችውን አትርሳት' ይላል" አለችኝ።

አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ እሷ በሐዘን፣ እኔ በሐፍረት። እውነቱን ልነግራት አፌን ከፍቼ "ቴንኪው" ብቻ አልኩ።

ስንኙን በጆሮዬ ሸምድጄዋለሁ። አውቶቡስ ላይ እንደ እሳቸው ጉልበቴ ላይ እየቆጠርኩ የራሴን የክርስትና ስም በጎረቤቴ ስም ቦታ ላስገባ ሞከርኩ። ሁለት ምት ጎደለኝ። ደግሜ ብሞክርም ያው ነው።

ቤቴ ስገባ ከላይ ማጠቢያው ይጮኻል። ምሕረት የተለመነላት እሷ ናት። መጥረጊያውን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት።