ፈትያ ጢም ያበቀለች ቀን

ባለፈው ሳምንት ምሳ ሰዓት ላይ፣ ለልምምድ ወደ ጤና ጣቢያችን ከመጡት ልጆች አንዷ ሳላስበው ስልኳን ፊቴ ላይ ደቀነች። ወዲያው ሁሉም በሳቅ ፍርስ አሉ። ስልኩን አዙራ ስታሳየኝ ጉንጬ ተሸብሽቦ፣ ቅንድቤ ነጥቶ፣ የሰማንያ ዓመት አሮጊት ሆኜ ቁጭ ብያለሁ። አብሬያቸው ሳቅሁ። ሌሎቹ ወደ ምሳቸው ሲመለሱ ግን እኔ ገና ስልኩን አልመለስኩም ነበር። ምን እንደሆንኩ ሲጠይቁኝ ታሪኩ ረጅም ነው ብዬ አለፍኩ። እዚህ ግን ልናገረው።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ከደብረ ብርሃን ነርስ ሆኜ ጭሮ ተመደብኩ። አባቴ እስከ ዛሬ ከተማዋን በድሮ ስሟ አሰበ ተፈሪ ነው የሚላት፤ እኔ ጭሮ ማለትን የለመድኩት ከፈትያ ነው። ፈትያ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፣ የመቻራ ልጅ። አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን እንኖር ነበር። ሥራ ላይ አንገቷን የደፋች፣ ሻሿን አሳምራ የምታስር፣ ድምጿ የማይሰማ ልጅ ነበረች። ቤት ገብተን በሩ ሲዘጋ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። የኃላፊያችንን አረማመድ፣ የጫት ነጋዴዎቹን ክርክር፣ የኔን የሸዋ አነጋገር ሳይቀር ቁጭ አድርጋ ታስመስላለች።

በዚያ ሰሞን ቪዲዮ ላይ ፊት የሚቀያይር መተግበሪያ መጥቶ ስለነበር እኔም ስልኬ ላይ ጫንኩ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ከዚያማ ምን ልበላችሁ! የጥንቸል ጆሮ ይተክላል፣ ደመና በሌለበት ዝናብ ያዘንባል፣ ሩጫን ያዘገያል፣ ንግግርን ያፈጥናል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌ የሚያደርገውን ነክቼ ወደ ፈትያ አዞርኩት። ጉንጯ ጎደጎደ፣ ግንባሯ ተጨማደደ፣ አገጯ ላይ ነጭ ጢም በቀለ። ራሷን ለአፍታ ተመለከተች። ከዚያ ጋቢዬን ከአልጋው ላይ አንስታ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችና፣ ኦሮምኛና አማርኛ በተቀላቀለበት የሽማግሌ ድምፅ፣ "ልጄ፣ ደሜን ካየሽው በኋላ መልሰሽ ታስገቢልኛለሽ አይደል?" አለችኝ።

እዚያው ቀረጽነው። ቀልዱ ላይ ያሉት ደም ለማስመርመር መጥተው ጣታቸውን አልሰጥም የሚሉ አንድ አዛውንት ናቸው። መርፌው ሲቀርብ ምስሉን አዘገየሁት፣ ዓይናቸውን አጎላሁት፣ ከኋላ የከበሮ ድምፅ ጨመርኩበት። እሁድ ጠዋት ለቀቅነው።

ሰኞ ቀትር ላይ የባጃጅ ሾፌሮች እርስ በርስ "ደሜን መልሽልኝ" ሲባባሉ ሰማሁ። ማክሰኞ አንድ ታካሚ ክንዱን ለፈትያ ዘርግቶ ያንኑ አላት፤ እሷ መሆኗን አላወቀም። ፊቷን ሳትለውጥ ደሙን ቀዳች፣ ከዚያ እኔ ወዳለሁበት ክፍል መጥታ አፏን በሻሿ ይዛ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ስልኬ እረፍት አጣ። ከድሬዳዋ ይጽፉልናል፣ ከአዲስ አበባ ይጽፉልናል። አንድ የልብስ ነጋዴ አዛውንቱ ሱቁን እንዲያስተዋውቁለት ለመነን። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቪዲዮ በምሳ ሰዓት እየጻፍን እህል መብላት ረሳን። እኔማ ነርስነቱ ራሱ ሊያበቃልኝ መስሎኝ ነበር።

ሐሙስ ዕለት የፈትያ አጎት አቶ ጀማል ከመቻራ ደወሉ። ቅዳሜ ሁለታችሁም ኑ፣ ያንን ስልክ ይዛችሁ፣ ብለው ዘጉ።

ፈትያ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። አባቷ ዩሱፍ የሞተው እሷ ሁለት ዓመቷ እያለ፣ ቡና የጫነ መኪና ቁልቁለት ላይ ተገልብጦ ነው። ያሳደጓት፣ ሴት ልጅ ከተማ ምን ልትሠራ እያሉ የሚከራከሩትን ዘመዶች ዝም አሰኝተው ያስተማሯት እኚህ አጎቷ ናቸው። እሳቸው የያዙት የቁልፍ ስልክ ስለሆነ ቪዲዮውን እንዳላዩት አወቅን። ከመስጊድ ሲወጡ ሰው ነግሯቸው ይሆናል። የወንድማቸው ልጅ ጢም አብቅላ በሽማግሌ ትቀልዳለች ተብሎ ሲነገራቸው ምን እንደተሰማቸው ማሰብ ከባድ አልነበረም።

"ሥራውን ትተሽ ነይ ካለኝ እሄዳለሁ። እሱን እምቢ የምልበት አፍ የለኝም" አለች።

ወሩ ኅዳር ነበር። በደሳ ከተማ ስንደርስ ሚኒባሱ ቆመና በርበሬው የሚያቃጥል ትኩስ ሳምቡሳ ገዛን። እሷ ሊወርድላት አልቻለም፤ እኔ የእሷንም ጨምሬ በላሁ፣ ሳስበው ዛሬም ያሳፍረኛል። ገለምሶን ካለፍን በኋላ መንገዱ እያነጠረን፣ ቀይ አቧራ በመስኮቱ እየገባ ተጓዝን። በየደጁ ቀይ ቡና ተሰጥቷል። እየደረቀ ያለው ፍሬ ጣፋጭም ጎምዛዛም የሆነ ሽታ አለው።

አቶ ጀማል በረንዳ ላይ ነበሩ። ሰላምታችንን በአግባቡ መለሱ። የፈትያ እናት አዴ ሞሚና ከቡና ቅጠል በወተት የፈላ ሆጃ አቀረቡልን። አጎትየው ጠጥተን እስክንጨርስ ጠበቁ። ከዚያ ለስልኩ እጃቸውን ዘረጉ።

ቪዲዮውን ከፍቼ ሰጠኋቸው። እስከ መጨረሻው አዩትና እንድደግመው ጠየቁኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲያዩት ጣታቸው ስክሪኑን ነካውና ምስሉ አዛውንቱ ቀና ባሉበት ቆመ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ እሷን አይቆጡ፣ አልኳቸው። እሳቸው ግን አዴ ሞሚናን ጠሩ።

አዴ ሞሚና ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ከዓይናቸው አራቁት። በኦሮምኛ አንድ ነገር አሉ፤ ፈትያ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ምን እንዳሉ ጠየቅኳት።

"አባቴን ነው የምታየው" አለች። "የሞተው ጢሙ ጥቁር እያለ ነው። ፎቶ የለውም። እኔ ብቻዬን ያረጀሁ መስሎኝ ነበር ነው የምትለው።"

ከዚያ አዴ ሞሚና ሳቁ። እሱም እንዲህ ሊያስጠላ ኖሯል እያሉ፣ ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ። አጎትየውም ሳቁ፤ ፊታቸውን ግን ወደ ግቢው አዙረው ነበር።

አዴ ሞሚና ሽማግሌውን በቀጥታ ሊያዩት ፈለጉ። እናትና ልጅን አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን አስቀምጬ መተግበሪያውን በፈትያ ፊት ላይ ብቻ ከፈትኩ። ስክሪኑ ላይ ባልና ሚስት ሆነው ታዩ። አዴ ሞሚና ሻሻቸውን አስተካከሉ፣ ወደ ሽማግሌው ጠጋ አሉ። ፈትያ እንባዋን በጠረገች ቁጥር ጢሙ ይጠፋና ተመልሶ ይመጣል። "አትንቀሳቀሺ" አሏት እናቷ በአማርኛ፣ እኔም እንድሰማ ይመስለኛል። ትንሽ ቀረጽኩላቸው። ድምፅ፣ ከበሮ፣ ምንም አልጨመርኩበትም።

ስንነሳ አቶ ጀማል ወደኔ ዞሩ። "ይህ ወንድሜ ነው። ሰው እንዲስቅበት አልፈልግም። እናንተ አላወቃችሁም፤ አልፈርድባችሁም" አሉኝ። ስለ ፈትያ ሥራ አንድም ቃል አላነሱም፤ ሰኞ ሥራ አለባችሁ፣ መኪና እንዳያመልጣችሁ ብቻ አሉ።

ኔትወርክ የሚገኘው ከአጥሩ ጥግ ነበር። እዚያ ቆሜ ያን ሁሉ ሰው ያየውን ቪዲዮ አጠፋሁት። ፈትያ እፎይ አለች፤ የቆጨኝስ እኔን ነው። ቁጭቱ ግን እስከ ገለምሶ እንኳ አልቆየም። ሁለታችንም በልተን የማናውቀውን ያህል ሙዝ ገዝተን በላን፣ እስከ ጭሮ ስንስቅ ሄድን፣ ተሳፋሪው ሰርግ የነበረን ሳይመስለው አልቀረም።

ቀልድ ስንሠራ ለአንዲት ሴት ሃያ ዓመት ያጣችውን ነገር ለጥቂት ደቂቃ እንደሰጠናት የገባኝ በኋላ ነው። ፊቱ የፈትያ መሆኑን አዴ ሞሚና ከማናችንም በላይ ያውቁ ነበር። ያየሁት መታለልን አልነበረም፤ አብሮ ማርጀት የሚናፈቅ ነገር መሆኑን ነው። በሃያ ሦስት ዓመት ይህ ለማንም አይታይም።

ልጆቹ የሳቁብኝ ዕለት ማታ ቤት ስገባ ባለቤቴ መስታወት ፊት ቆሞ ነበር። ጢሙ ውስጥ አንድ ነጭ ፀጉር አግኝቶ ሊነቅለው ታገለ። እጁን ያዝኩት።

"ተወው" አልኩት። "ልየው።"